ያልተነበበ የሕይወት ታሪክ

መካኒሳ እኛ ሰፈር ሰው ሲያርፍ መጀመሪያ የሚጠራው የእድሩ ለፋፊ ነው፤ ሁለተኛው እኔ ነኝ። ለፋፊው ለቀብሩ ሰው ይሰበስባል፣ እኔ የሟቹን የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ። ፍትሐቱ አልቆ ሬሳው ወደ ጉድጓዱ ከመሄዱ በፊት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የእድሩ ዳኛ ድምፅ ማጉያ ይዘው የሚያነቧት ያቺ አንድ ገጽ ላለፉት አስራ ምናምን ዓመታት ከእኔ እጅ የወጣች ናት። ዕድሜውን ሙሉ ማንም ልብ ሳይለው የኖረ ሰው እንኳ በዚያች ቀን ሙሉ ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ ይጠራል፣ ምን እንደሠራና ማንን እንዳሳደገ ይነገርለታል። ቀላል ነገር አይደለም፤ ቤተሰቡ ለዓመታት ያስታውሰዋል።

መልካም ሰው ሲሞት መጻፍ አይከብድም። የእኔ ችሎታ የሚታየው ክፉ ሰው ሲሞት ነው። ጎረቤቱን ሁሉ በአጥር ሲከስ ኖሮ የሞተውን ሰውዬ «ለመብታቸው የሚቆሙ» ብዬ ጽፌለታለሁ። ከጠጅ ቤት የማይጠፋውን ሌላውን ደግሞ «ጨዋታ አዋቂና ሰው ወዳድ» ብዬዋለሁ። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ይተያያል፤ ግን የሞተ ሰው ላይ ማንም አይስቅም፣ ያልፋል።

እንጀራዬም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ነፋስ ስልክ አካባቢ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ የሰው ስህተት እየለቀምኩ ደመወዝ ይከፈለኛል። ሥራው ግን ቢሮ አይቀርም፣ ቤት ድረስ ይከተላል። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የሱቅ ማስታወቂያ አርማለሁ። ሰው ተረት ሲተርት አቋርጬ ተረቱን አስተካክላለሁ። አንድ ሰው ለምን እንዳላገባሁ የጠየቀኝ እንደሆነ የሰፈሩ ወጣቶች ቀድመውኝ «እሱ እኮ ትዳሩን ገና እያረመው ነው» ይላሉ። እኔም በበኩሌ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እላቸዋለሁ። ይህን ተረት በጣም እወደው ነበር። ስንት ነገር ሳልሠራ እንዳሳለፍኩበት የገባኝ ቆይቶ ነው።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እህቴ አስራ ስምንት ሞልቷታል። ከመንዝ ይዛኝ አዲስ አበባ መጣችና አንድ ሀብታም ቤት በሠራተኝነት ገባች። የምንኖረው ከግቢው ጀርባ ባለች ሰርቪስ ቤት ነበር። እኔን አብራ እንድታኖር የተፈቀደላት «ልጁ ካላስቸገረ» ተብሎ ነው። አንድ ቀን የእመቤቲቱን ብርጭቆ ሰበርኩ። እህቴ በእኔ ፈንታ መሬት ላይ ተንበርክካ የሴትዮዋን ጉልበት ስትስም አየኋት። ለእኔ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የምነካውን ነገር ሁሉ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ማየት ጀመርኩ። ስህተት ማለት ለእኔ ከቤት መባረር ማለት ሆነ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ እንኳ ያ ፍርሃት አልለቀቀኝም።

እህቴን «እታለሜ» እላት ነበር። ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ መካኒሳ ጉሊት ተቀመጠች። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ በማዳበሪያ ላይ ዘርግታ፣ ፀሐዩንም ዝናቡንም እዚያው ተቀብላ እኔን አስተማረችኝ። በኋላ ባል አግብታ አንዲት ልጅ ወለደች፤ ባሏ ቀድሟት አረፈ፣ ልጇንም ያንኑ ጉሊት ይዛ አሳደገች። እሷ ራሷ ትምህርት ቤት አልገባችም። በየቀብሩ ከሴቶቹ መሐል ቆማ እኔ የጻፍኩት ሲነበብ ታዳምጣለች፤ ሲያልቅ አጠገቧ ያለችውን ሴት በክርኗ ጎሸም አድርጋ «የወንድሜ ነው» ትላለች። አንድ ጊዜ ከአንድ ቀብር ስንመለስ፣ «የእኔንማ እንዴት አሳምረህ ትጽፈው ይሆን! ያን ቀን ቆሜ አለመስማቴ ነው የሚቆጨኝ» አለችኝ። «ለአንቺ አንድ ገጽ አይበቃኝም» አልኳት። ደስ አላት፤ ሰፈር እስክንደርስ ክንዴን ይዛ ነው የሄደችው።

ያረፈችው ባለፈው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደም ግፊት ነበረባት። እኔ ከእድሩ ባልወጣም አሁን የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ተከራይቼ ነው፤ የእህቴ ልጅ እያለቀሰች ስትደውልልኝ ገና አንድ ሰዓት አልሆነም። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ተባለ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ እንደ ሰው ማልቀስ ሲገባኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ መክፈቻው ዓረፍተ ነገር ነበር። አፍርበታለሁ፣ ግን የሆነው ይኸው ነው።

ስደርስ ድንኳኑ እየተተከለ ነበር። ሰው አቅፎኝ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ የእድሩ ዳኛ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «በል እንግዲህ፣ አንተው ነህ የምትጽፈው» አሉኝና የእህቴ መኝታ ክፍል ተለቀቀልኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሻንጣዋን እንደ ጠረጴዛ ጉልበቴ ላይ አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ።

የሕይወት ታሪክ መንገዱ የታወቀ ነው። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ እዚህ አገር ተወለዱ ትላለህ። ቀጥሎ «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ይመጣል። እኔ የቆምኩት እዚያ ላይ ነው። የእህቴ ዕድሜ ለትምህርት ሲደርስ ሕመም የሚመላለስባትን እናታችንን ታስታምም ነበር። «የመማር ዕድል ባያገኙም» ብዬ ጻፍኩ፤ ይህ ለሰው ሁሉ የምጽፈው የስንፍና ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ሰረዝኩት። «ራሳቸው ሳይማሩ ወንድማቸውን ያስተማሩ» አልኩ፤ ስለ እሷ ብጀምር መልሼ ስለ ራሴ ሆነብኝ፣ ሰረዝኩት። ዝም ብዬ ልለፈው ብዬ ወደ ጉሊቷ ተሻገርኩ፤ ግን ሰዉ «ትምህርቷን ለምን ዘለለው? አፈረባት እንዴ?» የሚል መሰለኝና ተመለስኩ። የቀረውን ጽፌ ጨረስኩ፣ አራት ገጽ ሞላ፤ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አልመጣ አለችኝ።

አምስት ሰዓት ላይ የእህቴ ልጅ ገባች። ዓይኗ አብጧል። ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ረጋ ያለች ናት፤ የዚያን ቀን እንኳ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ጋሼ፣ አንድ ገጽ ይበቃል እኮ። ያለውን ስጠን» አለችኝ።

«ያለው አይሆንም።»

«ለማን ነው የማይሆነው?»

ወደ ወረቀቱ አቀረቀርኩ። ትንሽ ቆማ፣ «ጋሼ ደግሞ ስለ ትምህርቷ...» ብላ ስትጀምር እጄን አነሳሁባት። «ዝም በይኝ አንዴ፣ ሐሳቤን አትበትኚብኝ» አልኳት። ወጣች። ሰባት ሰዓት ላይ ዳኛው በሩን ገፋ አድርገው «ደረሰ?» አሉ። «ትንሽ ቀረኝ» አልኩ። ሬሳው ከቤት ሲወጣም ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ አራቱ ገጽ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ስርዝ ድልዙ ይብዛ እንጂ ይነበባል። የተወለደችበት አለ፣ ጉሊቷ አለ፣ ለልጇና ለእኔ የሆነችልን አለ። ፍትሐቱ አለቀ። ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆመ። ዳኛው ድምፅ ማጉያውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩና እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቱን ላወጣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ ስርዙ ታየኝ፣ እሳቸው እያነበቡ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሲደናቀፉ ታየኝ፣ ሁለት መቶ ሰው ሲሰማ ታየኝ። እጄን ባዶውን አውጥቼ ራሴን ወዘወዝኩ።

ዳኛው ሐሳቤን የምቀይር መስሏቸው ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ «በጊዜ እጥረት ምክንያት የሕይወት ታሪካቸው ተዘጋጅቶ ሊቀርብ አልቻለም። ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥልን» አሉ። የጊዜ እጥረት! ለዚያ ለአጥር ከሳሹ ሰውዬ ግማሽ ሰዓት በቅቶኝ ነበር። እህቴ እንደዚያ ያለ ምንም ቃል ወደ አፈሩ ወረደች። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ለባዳው ሁሉ ሲጽፍ ኖሮ ለገዛ እህቱ ሲሆን አጣ» አለች። ዞሬ አላየኋትም፤ እውነቷን ነበር።

ለእህቴ ልጅ «ለአርባዋ እናገራለሁ» ብዬ ማልኩላት። አምናኝ ነበር መሰለኝ። ከሥራ መልስ በየቀኑ ወረቀቱ ላይ አቀረቅራለሁ። አራቱ ገጽ ሃያ ሁለት ሆነ። በየትኛው ዓመት አዲስ አበባ እንደገባን ለማረጋገጥ አገር ቤት ደወልኩ፤ አጎታችን አንድ ዓመት ነገረኝ፣ አክስታችን ሌላ ነገረችኝ፣ ሁለቱ እስኪስማሙ ብዬ ጽሑፉን አቆምኩት። ሁለቱ በሕይወታቸው በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም። ይህን እያወቅኩ ነው የጠበቅኳቸው።

አርባዋ ደረሰ። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። የእህቴ ልጅ ከወዲያ ሆና በዓይኗ ጠየቀችኝ። «አላለቀም» አልኳት በከንፈሬ። «እሺ» አለችና ሳህን ማንሳት ጀመረች። ይህን ጊዜ ነው እትዬ የተነሡት።

እትዬ የምላቸው የእህቴን የጉሊት ጎረቤት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሸጠዋል፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ለሁለት ትሸጣለች፣ አንዷ ስታዝን ሌላዋ ታለቅሳለች። እንደዚያ ባለ ቦታ ቆመው ሲናገሩ አይቻቸው አላውቅም። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቆሙ።

«እኔ መናገር አላውቅም» አሉ። «ግን እሷን ሳናነሳት በልተን ጠጥተን ልንሄድ ነው። እንዲህማ አይሆንም። እሷ የይፋት ልጅ ናት...»

«የመንዝ» አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። «የመንዝ። በሃያ ዓመቷ ይኼን ወንድሟን አዝላ...»

«በአስራ ስምንት ዓመቷ ነው። ደግሞ በአውቶቡስ ነው የመጣነው፣ አላዘለችኝም።»

አንዳንድ ሰው ሳቅ አለ። እትዬም ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ። «እንግዲህ በምንም ትምጣ። ዝናብ ሲመጣ ላስቲኳን ለእኔ ሽንኩርት ነው የምታለብሰው፣ የራሷ ቲማቲም እየበሰበሰ። እኔ ሳነባ 'የቲማቲም ዕድሜው አጭር ነው፣ ያንቺ ሽንኩርት ነው የሚቆየው' እያለች ታስቀኛለች። ጎበዝ ሴት ናት። በስተርጅና እንኳ ተምራ ማንበብ መጻፍ...»

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። በትሕትና የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። «እህቴ ፊደል አልቆጠረችም። ያልነበረውን ነበረ ብንልላት እሷም አትወደውም።»

እትዬ ወደ እህቴ ልጅ አዩ፤ እሷ አንገቷን ደፍታለች። «እሺ፤ አንተ ታውቃለህ። ጸሐፊው አንተ ነህ» አሉና ተቀመጡ። ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ይቅር ይበለኝና፣ እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። የእህቴን ታሪክ ከስህተት ያዳንኩት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የእህቴ ልጅ ስልኬን ማንሳት ተወች። አንድ ሳምንት ጠብቄ በምሳ ሰዓት ፋርማሲው ድረስ ሄድኩ። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች በር ላይ ወጥታ ቆመች፤ ግባ አላለችኝም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን አታቋርጠኝ» አለች። «እናቴ ትማር ነበር። ሦስት ዓመት ተምራለች። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት፣ እዚህ ታች ያለው ትምህርት ቤት፣ የጎልማሶች ትምህርት። ከእትዬ ጋር።»

«ቅዳሜና እሁድ ማኅበር ነው የምትሄደው» አልኩ። አቋረጥኳት።

«ማኅበር ነው ብላህ ነዋ! ማኅበር በሳምንት ሁለት ቀን ይጠጣል እንዴ?»

ይህን እኔ አራሚው አላሰብኩትም። ሦስት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን ማኅበር ስትለኝ አምኜ ተቀምጫለሁ።

«ታዲያ ለምንድን ነው ለእኔ ያልነገረችኝ?»

«ፈርታህ!» አለች። መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ሰው ዞሮ አየን። «'ጽሕፈቴ እስኪያምር እንዳትነግሪው፤ እንዲህ ሆኖ ቢያየው ያፍርብኛል' ትለኝ ነበር። የቀብሩ ቀን ልነግርህ ስገባ 'ዝም በይኝ' አልከኝ። አርባዋ ላይ ደግሞ እትዬን ያደረግካቸውን አይቼ፣ እኔንም በሰው ፊት እንድታርመኝ ነው የምነሣው?»

ለካ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስፈልጋት የዋልኩትን ዓረፍተ ነገር ልጅቷ በእጇ ይዛ መጥታ ነበር፤ ከበሩ ላይ የመለስኳት እኔ ነኝ።

ወደ ሥራ አልተመለስኩም። ከመካኒሳ እስከ ለቡ በእግሬ ሄድኩ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ ከባድ ነበር፣ ታክሲ ልያዝ እንኳ አላልኩም። መንገድ ላይ ጨርሶ የረሳሁት ነገር ትዝ አለኝ። እህቴ ከማረፏ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት ነው። እድሩ መተዳደሪያ ደንቡን አሻሽሎ አባላቱ እየተጠሩ ይፈርሙ ነበር። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። የእህቴ ተራ ሲደርስ የአሻራውን ቀለም ወደ ጎን ገፋ አድርጋ እስክሪብቶ አነሣች። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጀመረች፤ ፊደሉ ተንጋዶ ከመስመሯ ወጣና የጎረቤት ስም ላይ ሊደርስ ሆነ።

«ተይው ተይው እታለሜ፣ መዝገቡ ይበላሻል። በጣትሽ ይሻላል» አልኳትና እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰድኩ።

ክፉ ቃል አልተናገርኩም፤ እንዲያውም ቀስ ብዬ ነው የወሰድኩት። እሷም ሳቅ ብላ አውራ ጣቷን ሰጠችኝ። ጣቷን ይዤ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። የጀመረችውን ፊደል ደግሞ በነጭ ማጥፊያ አጠፋሁት። መዝገቡ እስከ ዛሬ እቤቴ ነው። ያቺን ገጽ ገልጬ ለማየት አልደፈርኩም።

ከራሴ ጋር ስሟገት ሌላ ሳምንት አለፈ። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። መንገዱ ሲሰፋ ጉሊቶቹ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ጠይቄ ነው ያገኘኋቸው። እህቴ ትቀመጥበት በነበረው ጎን በኩል አንዲት የማላውቃት ሴት ድንች ዘርግታለች።

«ምን ልስጥህ?» አሉኝ እትዬ፣ እንደ ማንኛውም ገዢ።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ለምኑ?»

«በሰው ፊት ላሳፈርኩዎ። እርስዎ እውነት ሲናገሩ ስላስቆምኩዎ።»

ሽንኩርት መለየታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ አንድ የቢራ ሳጥን ገልብጠው «ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። «የጀመሩትን ይጨርሱልኝ» አልኳቸው። «አሁን ደግሞ ልታርመኝ ነው?» አሉ፤ ፈገግታቸው ግን ተመልሶ ነበር።

ነገሩኝ። የሚማሩበት ክፍል የሕፃናት ነው፤ ወንበሩ ከማጠሩ የተነሣ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ይደርስ ነበር። እህቴ መጀመሪያ ሰሞን እስክሪብቶውን አጥብቃ ስለምትይዝ ወረቀቱ ይበሳባታል። በኋላ ግን ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ ማንበብ ቻለች። በየመንገዱ የሱቅ ማስታወቂያ እያነበበች ትሄዳለች፣ እሳቸው ሲደክማቸው «ቆይ ይቺን ብቻ» ትላቸዋለች። በመሐል «ይፋት ሳለች» ብለው አንድ ወሬ አመጡ፤ ዝም አልኩ። «አዝላህ ከመጣች ጀምሮ» አሉ፤ አሁንም ዝም አልኩ። ለእኔ ከባድ ሥራ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን፣ ከአውቶቡሱ ስንወርድ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፤ ያቺ የማታውቀው ከተማ ውስጥ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት አድርጋ እንደወሰደችኝ እኔ ከየት አውቄ ነው ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት የተከራከርኩት?

«ለአንተ ደብዳቤ ስትጽፍ ነበር እኮ» አሉ እትዬ።

«ለእኔ?»

«ለአንተ ነዋ። መምህራችን 'ለምትወዱት ሰው ደብዳቤ ጻፉ' አለችን። እኔ ለልጄ ጻፍኩና ሰጠሁት። ስቆ ስቆ ሊሞት! ግን ቦርሳው ውስጥ ይዞት ነው የሚዞረው። እሷ ትጽፍና ለእኔ ታነብልኛለች፤ ከዚያ ትቀደዋለች። 'ይኼ ለእሱ አይሆንም' ትላለች። በሌላው ሳምንት ደግሞ ትጽፋለች፣ ደግሞ ትቀደዋለች። 'አንቺ ሴትዮ፣ ወንድምሽ አይደል ወይ፣ ስጪው' እላታለሁ። 'ጽሕፈቱ ትንሽ ይመርልኝ' ትለኛለች። እስክታርፍ ድረስ እንደዚያው ነበረች።»

«ምን ይል ነበር?»

እትዬ ሽንኩርቱን አስቀመጡ። ለማስታወስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «'ወንድሜ እንደምን አለህ፣ እኔ ደህና ነኝ' ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልዋሽህም፣ አልያዝኩትም። አንድ ጊዜ ናት የምታነብልኝ፤ ወዲያው ነው የምትቀደው።»

እዚያው የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የቀብሯ ቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። እህቴ እንደ እኔ አልነበረችም። ቲማቲም ሲበሰብስባት የምትስቅ፣ የፈሰሰ ነገር እያየች «ለአፈሩም ድርሻ አለው» የምትል ሴት ነበረች። ይህን በሽታ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። አንዲት ሽንኩርት ልትገዛ የመጣች ሴት ደንግጣ ቆመች፤ እትዬ «ወንድሟ ነው» አሏት፣ ሴትዮዋም የምን ወንድም እንደሆንኩ ሳታውቅ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብላኝ ሄደች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኩ ስረጋጋ። እትዬ «ተወው አሁን፣ ተረቱን ተወው» አሉኝ።

ተለውጫለሁ ብዬ አልዋሽም። አሁንም የተጣመመ ማስታወቂያ ሳይ ጣቴን ይበላኛል፣ አሁንም ሰው ሲሳሳት አፌ ይቀድመኛል። ሙት ዓመቷ ሲደርስ ግን ሃያ ሁለቱን ገጽ ቤት ትቼ ሄድኩ። ድንኳን አልነበረም፤ የእህቴ ልጅ ቤት ሳሎን ውስጥ ሠላሳ የማንሞላ ሰዎች ነን። በቀብሯ ቀን ከነበረው ሕዝብ አብዛኛው የለም፤ ይህን አጥቼዋለሁ፣ አይመለስም። ቆምኩ። ልጅቷ ወጥ እያቀረበች ስለነበር ጭልፋውን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች።

እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ከመሐል ጀመርኩ። ስለ ጉሊቷ ስናገር ወደ ሰርቪስ ቤቷ ተመለስኩ፣ የመጣንበትን ዓመት አምታታሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ድምፄ ጠፍቶ ውሃ ሰጡኝ። እህቴ ማንበብና መጻፍ ትችል እንደነበር ተናገርኩ። እትዬ አርባዋ ላይ ያሉት እውነት እንደሆነ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ በስማቸው ጠርቼ ተናገርኩ። በመዝገቡ ላይ ጣቷን ይዤ ያደረግኩትንም አልደበቅኩም። በመጨረሻ ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ «ምን ይል ነበር ደብዳቤው?» አሉኝ።

«አላውቅም አባቴ» አልኩ። «ለእኔ የሚበቃ አልመሰላትም።»